የአላውቅም ደወል

የተወለድኩበትን አገር ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ «እሱማ የነእገሌ አገር ነው» ብላችሁ ትስቃላችሁ። የእኔን ስም ግን የምደብቅበት ምክንያት የለኝም፤ ይርዳው እባላለሁ። በዕውቀት ቤት ሠላሳ አራት ዓመት የደወል ጠባቂ ነበርኩ።

ዕውቀት ቤት የምንለው ከቀዩ ተራራ ግርጌ ያለውን ትልቅ የድንጋይ ግቢ ነው። ከተራራው በስተግራ እሱ አለ፤ በስተቀኝ ደግሞ አርባ ሦስት አባወራ የሚኖርበት የሸክላ ሠሪዎች ሠፈር ነበረ። ከፊት ወንዝ አለ፣ ከወንዙ ማዶ ሜዳ ነው። በግቢው አርባ መምህራን ነበሩ፤ የከዋክብት መምህር አለ፣ የመድኃኒት ቅጠል መምህር አለ፣ የመሬት መምህር አለ፣ የአሮጌ ቃላት መምህር አለ። ከተሜው ጥያቄ ሲገጥመው ወደዚያ ይመጣል። መምህሩ የሚያውቀው ከሆነ ይመልሳል። የማያውቀው ከሆነ ወደ ግቢው መሀል ይወጣና ከእኔ እጅ ገመዱን ተቀብሎ ደወሉን አንድ ጊዜ ይደውላል። አላውቅም ማለት ነው።

ደወሉ ሲሰማ ማንም አይስቅም። ይኼ የመጀመሪያው ሕግ ነው። ቀጥሎ ጥያቄው በግቢው ግድግዳ ላይ በከሰል ይጻፋል። ጠያቂውም መልሱ እስኪገኝ ድረስ ክፉ ክፉውን እውነት ነው ብሎ ይኖራል፤ «የዚህ ጉድጓድ ውሃ ይጠጣል ወይ?» ብሎ ጠይቆ ከተደወለ ከዚያ ጉድጓድ አይቀዳም። መምህሩ ደግሞ ማስተማሩን ለባልደረቦቹ ትቶ ጥያቄውን ሲከታተል ይከርማል። አንዳንዱ በወር ይመለሳል። የአሮጌ ቃላት መምህሩ አንድ ጊዜ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀበት፤ መልሱን ይዞ ሲመጣ ጠያቂው ሞቶ ስለነበር ለልጁ ነገረው። ልጁም «አባቴ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር» ብሎ በግ አረደለት። እኔም ከበጉ በልቻለሁ።

ከዚያ ሊቀ መልስ የሚባሉ አዲስ የቤቱ አለቃ ተሾመው መጡ።

በመጡ በሦስተኛው ቀን አስጠሩኝና «ባለፈው ዓመት ደወሉ ስንት ጊዜ ተደወለ?» አሉኝ።

«አርባ አንድ ጊዜ» አልኩ።

«በጎረቤት አገር ዕውቀት ቤትስ?»

«እዚያ ደወል የላቸውም፣ ጌታዬ።»

«ዜሮ» ብለው ጻፉ። በማግስቱ ባለማወቅ ከጎረቤቶቻችን በአርባ አንድ እጥፍ እንደምንበልጥና ይህም አገር እንደሚያዋርድ በስብሰባ ተነገረን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውም ጥያቄ በሦስት ቀን ውስጥ እንዲመለስ ታዘዘ። ግድግዳው በኖራ ተቀባ። ደወሉን ማውረድ ስለከበደ ምላሱን፣ ማለትም ከውስጡ ተንጠልጥሎ የሚመታውን ብረት፣ ወጥቼ እንድፈታው ተደረገ። «ጣለው» ቢሉኝ አንጀቴ አልቻለም፤ ጎጆዬ ወስጄ ከአልጋዬ ሥር ከተትኩት። እኔም ከሥራ አልተባረርኩም። የዝምታ ኃላፊ ተባልኩ።

ሊቀ መልስ ሥራ ወዳድ ሰው ናቸው፤ ሰው በሌለበት አላማም። የየመምህሩን ክፍል ግድግዳ አስፈርሰው አንድ ሰፊ አዳራሽ አደረጉት። ለአርባ መምህር ሃያ አራት ወንበር ገባ፤ መቀመጥ የፈለገ በጠዋት ይምጣ ተባለ። ቀኑ በአሥራ ስድስት ቁራጭ ተከፈለና መምህሩ በየቁራጩ ምን እንደሠራ በቅጽ መሙላት ግድ ሆነ። መሙላቱ ራሱ ሁለት ቁራጭ ይፈጃል፤ በእነዚያ ሁለቱ «ቅጽ ሞላሁ» ተብሎ ይሞላል። አንድ መምህር የዋህነት አጥቅቶት «አሰብኩ» ብሎ ቢጽፍ ተጠርቶ «ማን አየህ?» ተባለ።

የዕድሜ ልክ መምህርነትም ቀረ። ውል በየሦስት ወሩ የሚታደስ ሆነ፤ የሚታደሰው ደግሞ በባቄላ ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ባቄላ ይሰጠዋል፣ መምህሩ ደስ ካሰኘው ከመምህሩ ቅል ውስጥ ይጥላታል። የከዋክብት መምህሩ ቅል ባዶ ተገኘ። ተማሪዎቹ ጠልተውት አልነበረም፤ የምሳ ሰዓት ስለደረሰ ባቄላቸውን በልተው ነው። እውነቱ ቢነገርም ቅሉ ባዶ ነውና ተሰናበተ። ከዚያ ወዲህ ብልጥ ብልጡ መምህር ትምህርቱን ከምሳ በኋላ አደረገ።

የመሬት መምህሩ እንግዳሸት ብልጥ አልነበረም። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ጫማው ሁልጊዜ ጭቃ የማያጣው ሰው። አባቱም እዚያው ቤት መምህር ስለነበር በዚያ ግቢ ድኾ፣ በዚያ ግቢ ነው ያደገው። ለመምህርነት ብቻ የተፈጠረ ሰው ካያችሁ እሱ ነው፤ ሌላ ምንም አይሆንለትም፣ ሚስማር እንኳ ቀጥ አድርጎ አይመታም። ወንበር ስለማይደርሰው ቆሞ ያስተምር ነበር። እኔ ደግሞ እንደ ልጄ እወደው ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ወይዘሮ ደብሪቱ መጣች። ከሸክላ ሠሪዎቹ ሁሉ አንጋፋዋ ናት፤ እጇ እንደ መሮ የጠነከረ፣ አንደበቷ ደግሞ ከእጇ የባሰ። አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር አይታ «ምነው፣ ግድግዳውን ማን በላባችሁ?» አለችና ወደ እንግዳሸት ሄደች።

«መምህር፣ በሬ አልዘጋ አለኝ» አለችው።

«አናጺ አላዩም?»

«የራሴን በር አላውቅም እንዴ? በሩ ደህና ነው። ቤቱ ነው የተንጋደደው። የጎረቤቴም እንደዚያው፣ የበላዬዋም እንደዚያው። እህ ብዬ ሳስበው ተራራው እየገፋን ነው። ይወርድብናል ወይስ አይወርድብንም? ይችን ብቻ ንገረኝ።»

እንግዳሸት ዕለቱኑ አብሯት ሄደ። በሩን ገፋው፣ ሳበው፣ ከተራራው ላይ ወጥቶ ስንጥቅ አየ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። «ጋሼ ይርዳው» አለኝ፣ «ችካል በአንድ መስመር ተክዬ ስልሳ ጠዋት መስመሩ መጉበጥ አለመጉበጡን ባይ አውቃለሁ። አሁን ግን አላውቅም።» ይህንኑ ለሊቀ መልስ ነገራቸው። እሳቸውም በትሕትና ቅጽ ሰጡት። ቅጹ ላይ ሁለት ሣጥን አለ፤ «ይወርዳል» እና «አይወርድም»። «ይወርዳል» የሚለውን የመረጠ የስድስት ሹማምንት ማህተም ያሰባስባል። «አይወርድም» ላለ ፊርማው ይበቃል።

«ሦስተኛ ሣጥን የለውም?» አለ እንግዳሸት።

«ሦስተኛው ነገር ምንድን ነው?» አሉ ሊቀ መልስ፣ ከልባቸው ሊገባቸው ፈልገው።

ሦስተኛው ቀን ውል የሚታደስበት ቀን ሆኖ ዋለ። ባልደረቦቹ «አንተ ሰው፣ አይወርድም በልና እንጀራህን ብላ፤ ተራራ ከቆመ ስንት ዘመኑ ነው» ይሉታል። እሱ ግን ጠዋት ወደ ጎጆዬ መጣና ደጃፉ ላይ ቆሞ «የደወሉ ምላስ የት ነው?» አለኝ።

አሁን የምነግራችሁን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ፈራሁ። የዝምታ ኃላፊነቴን፣ ጎጆዬን፣ የእርጅናዬን ነገር አሰብኩና «አላውቅም» አልኩት። አላውቅም የሚለውን ቃል በዚያ ግቢ ለውሸት ያዋለ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ።

እንግዳሸት ዓይን ዓይኔን አየኝ። «እሺ፣ ጋሼ» ብሎ ሄደ። ከዕቃ ቤቱ ችካል መምቻ መዶሻ አወጣ፣ በመሰላል ወደ ደወሉ ወጣ፣ በቀትር፣ በገበያ ቀን፣ ያን ምላስ የሌለው ደወል ከውጭ በመዶሻ አንድ ጊዜ መታው።

ሁለት ዓመት ያልተሰማ ድምፅ ነው። ገበያው ቀጥ አለ። ሚዛን የያዘው ሚዛኑን እንደያዘ ቀረ። ደብሪቱ የምትሸጠውን ማሰሮ አስቀምጣ ወደ ቤቷ ሄደች፤ በሯን ከማጠፊያው ነቅላ በጀርባዋ አዝላ ወንዙን ተሻገረች። አርባ ሁለቱ አባወራዎች በሯን ተከትለው ተሻገሩ። ማንም አልሳቀም።

እንግዳሸት ዕለቱኑ ተባረረ። ደወሉን ስለመታ ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ፤ የማባረሪያው ደብዳቤ የሚለው መዶሻውን ያለ መጠየቂያ ቅጽ ስላወጣ ነው። እሱም ከወንዙ ማዶ ደብሪቱ ዘንድ አደረና ከማግስቱ ጀምሮ ችካሉን ይተክል ጀመር። ቅጽ የለ፣ ቁራጭ የለ፣ ባቄላ የለ፤ ከሥራው ከተባረረ ወዲህ ሥራውን መሥራት ቻለ። በሃያ ስድስተኛው ጠዋት የችካሉ መስመር እንደ ቀስት ጎበጠ። በሃያ ስምንተኛው ቀን የተራራው ቀኝ ጎን ወርዶ አርባ ሦስቱን ቤት ዋጠ። የሞተች አንዲት ዶሮ ናት፤ እሷም ሰው እየጠራት የተመለሰች ናት።

ከተማው በዕልልታ ተናወጠ። ሊቀ መልስም ሰው ሰብስበው «የዕውቀት ቤታችን አላውቅም አርባ ሦስት አባወራ አዳነ» ብለው ረጅም ንግግር አደረጉ። እንግዳሸትን መልሰው ሊቀ አላውቅም ብለው ሾሙት፤ ወንበርም ሰጡት። እኔም ምላሱን «ፈልጌ አገኘሁት» ብዬ አምጥቼ ሰቀልኩ። እንግዳሸት ስሰቅል እያየኝ ነበር። መሰላሉን ደግፎ ያዘልኝ፤ ያ ከስድብ የበለጠ አሳፈረኝ።

ሊቀ መልስ ግን ደግ ነገር ሲያዩ ማብዛት የሚወዱ ሰው ናቸው። እያንዳንዱ መምህር በሦስት ወር ውስጥ አሥራ ሁለት አላውቅም እንዲደውል፣ ያልሞላ ውሉ እንዳይታደስ ደነገጉ። ከደወሉ ሥር ቆጥሮ የሚመዘግብ ጸሐፊ ተቀመጠ። መጀመሪያ መምህራኑ እውነተኛ ጥያቄ ይፈልጉ ነበር። ኋላ ጊዜው ሲያጥር የሒሳብ መምህሩ ሰባትና አምስት ስንት እንደሚሆን ተጠይቆ ሮጦ ደወለ። አንዲት እናት ልጇ የት እንዳለ ብትጠይቅ ሦስት መምህራን ተሽቀዳድመው ደወሉላት። ለገመዱ ሰልፍ ያዙ። ደወሉ ከጠዋት እስከ ማታ አይቆምም፤ እኔም ጆሮዬ ሊደነቁር ደረሰ፣ ገመዱም ሁለት ጊዜ ተበጥሶ ተቀየረ። ከተማው መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ተሰላቸ፣ ኋላ ረሳው። ሕፃናት ካልተደወለ እንቅልፍ እምቢ ይላቸው ጀመር።

እንግዳሸት ግን ጠዋት ጠዋት ችካሉን ማየት አላቆመም። ከቀረው የተራራው ግራ ጎን ላይ አዲስ መስመር ተክሎ ነበር። በዚህ መሀል የሊቀ መልስ ቢሮ በር አልዘጋ አለ። እሳቸውም በሩ ላይ «በሬ ለሁሉም ክፍት ነው» የሚል አስለጠፉ፤ መምህራንም አጨበጨቡ።

ውል ሊታደስ አንድ ቀን ሲቀረው እንግዳሸት ጭቃ ጫማውን እንዳደረገ በዚያው በር ገባ። እኔም ከደጅ ቆሜ እሰማለሁ።

«ሊቀ መልስ፣ የቀረው ተራራ በዚህ ቤት ላይ ይወርዳል። ሳምንት አይሞላም፤ ዛሬም ሊሆን ይችላል። ሰዉን ያውጡልኝ።»

«ይህ ምን ተብሎ ይመዘገባል?»

«አውቃለሁ ተብሎ።»

ሊቀ መልስ መዝገባቸውን ገለጡ። «ከአሥራ ሁለቱ አራት ብቻ ነው የደወሉት። ስምንት ይቀርዎታል። ሊቀ አላውቅም ሆነው አውቃለሁ ካሉ እኔ ሹመቱን ምን ላድርገው? ሌላውስ መምህር ምን ይማራል?»

«ጌታዬ፣ በርዎ እኮ አይዘጋም!»

«ክፍት ነው» አሉ በኩራት።

እንግዳሸት ወደ ደወሉ ሮጠ። ሰልፈኛው አላሳልፍ ቢለው ገፍቶ ገባና ገመዱን ይዞ በሙሉ ኃይሉ ደወለ። አንድም ሰው ቀና አላለም። ደገመ፣ ሠለሰ፣ «ውጡ!» እያለ አሥር ጊዜ ደወለ። ጸሐፊው «አሥር» ብሎ መዘገበና «እንኳን ደስ ያለዎት መምህር፣ በሁለት አልፈዋል» አለው። ከኋላ ያሉት ጨዋነት አይጎድላቸውምና አጨበጨቡለት።

እሱም ከእኔ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለና እንባው ወረደ። «የሰው ሠፈር አድኜ የአባቴን ቤት ላድን አቃተኝ፣ ጋሼ ይርዳው። የቀረን ይኼ ደወል ነበር፤ እሱንም ገደሉት።»

ምን እንደማደርግ ተረዳሁ። መሰላሉን አቆምኩና በስልሳ ስምንት ዓመቴ ወጣሁ። ገመዱን ፈትቼ ምላሱን ነቀልኩት።

ጸጥ አለ።

እንዲያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። መጀመሪያ ሰልፈኞቹ ቀና አሉ። ከዚያ ከአዳራሹ ራሶች ብቅ ብቅ አሉ። «ደወሉ ምን ሆነ?» «ማን አቆመው?» «እኔ ሦስት ይቀረኛል እኮ!» «ነገ እኮ ነው ውሉ!» እያሉ መምህራን ወጡ፤ መምህራኑ ሲወጡ ተማሪው ተከትሎ ወጣ። ምላሱን እንደ ሕፃን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወረድኩ። እንግዳሸት ዓይኑን ጠራርጎ ተነሣ።

«ያኔ የት እንዳለ አውቅ ነበር» አልኩት። «ዋሸሁህ።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለ። «ሲመልሱልኝ ዓይንዎ ከአልጋዎ ሥር ነበር። አሁን ይሂዱ። አይቁሙ።»

በግቢው በር ወጥቼ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ሠላሳ ስድስት መምህርና ሁለት መቶ ተማሪ «ሌባ! ምላሱን መልስ!» እያለ ተከተለኝ። ለሕይወታቸው ያልተነሡ ለኮታቸው ሮጡ። ሊቀ መልስ ከፊት ናቸው፤ ለካ ሲሮጡ እንደ ወጠጤ ናቸው። እንግዳሸት ከኋላ ሆኖ የቀረ ሰው አለ እንደሆነ አዳራሹን ዞሮ አየና ወጣ። ድልድዩን አለፍኩ። ደረቴ ሊፈነዳ ነው፤ ሞት እንደዚህ ከሆነ ቀላል ነው ብዬ አስቤያለሁ። ከደብሪቱ አዲሱ ቤት ደጅ ስደርስ ወደቅኩ።

«ምን አምጥተህ ነው ደግሞ፣ ይርዳው?» አለች ደብሪቱ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ተራራው መለሰላት። የመጨረሻው ሰው እንግዳሸት ነበር፤ ድልድዩን ገና በአንድ እርምጃ አልፎ ነበር። አቧራው ሲገለጥ ግቢው የለም፤ አዳራሹ፣ ሃያ አራቱ ወንበር፣ ቅሉ፣ መዝገቡ፣ ደወሉ፣ ምኑም የለም። ቀይ አፈር ብቻ ነው።

ሊቀ መልስ ተደፍቶ ከተቀመጠ እንስራ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ፀጉራቸው በአቧራ ቀልቷል። ሲያዩዋቸው ያሳዝናሉ፤ አዘንኩላቸው። በመጨረሻ የሒሳብ መምህሩ ቀስ ብሎ «ሊቀ መልስ፣ ከእንግዲህ የት ነው የምናስተምረው?» አላቸው።

እሳቸውም በልማድ የደረት ኪሳቸውን ዳበሱ። ቅጽ የለም። ተራራውን አዩ፣ እጃቸውን አዩ፣ ወደ እንግዳሸት ዞሩ። ከዚያ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ «አላውቅም» አሉ።

ተነሣሁ። ደወል አልነበረንም። ምላሱን አንሥቼ የደብሪቱን ትልቅ ጋን አንድ ጊዜ መታሁት። ጋኑ ደህና አድርጎ የተተኮሰ ነበርና ጮኸ።

ማንም አልሳቀም።

ደብሪቱ ወደ ምድጃዋ ሄዳ አንድ ከሰል ይዛ መጣችና ሰጠችኝ። የሚጻፍበት ግድግዳ ስላልነበረ ወደ በሯ ሄድኩ፤ ያችው አዝላ ያመጣቻት በር ናት፣ ከአዲሱ ቤት ላይ ተተክላለች። ለመጻፍ እንዲመቸኝ ገፋ አደረግኳት። ተዘጋች።